ልጅ ስትሮክ ይዞት ከሆስፒታል ሲወጣ ቤት ውስጥ ምን ከምን ይቀድማል

ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ ዘመድ ሁሉ ይመጣል፣ "እንኳን እግዜር ማረላችሁ" ይባላል፣ ቡና ይፈላል፣ ከዛ ሁሉም ወደየቤቱ። ዋናው ስራ ግን ያን ቀን ማታ ነው የሚጀምረው። ሀኪሞቹ ህይወቱን አትርፈው ምክንያቱን ፈልገው ሸኝተዋችኋል፣ የቀረው እጁ፣ እግሩ፣ አፉ፣ ትምህርቱ፣ የቤቱ ገንዘብና የእናትየው ወገብ ነው፣ እሱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ደሞ እንደልብ አይገኝም። እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ቀኝ ጎኗ የደከመባት ልጅ የማሳድግ የአዲስ አበባ እናት ነኝ፣ ስለዚ መድሀኒት አላዝም፣ ቅደም ተከተሉን ነው የማወራው። ከታች የምታነቡት ሁሉ የሚሰራው ስራው ተፅፎ ለቤተሰቡ ከተከፋፈለ ነው፣ አለዚያ እናትየው ላይ ይከመርና ሁለት በሽተኛ ይሆናል።

"ልጅ ደሞ ስትሮክ ይይዘዋል እንዴ" የሚላችሁ አይጠፋም። ይይዘዋል፣ ገና ሆድ ውስጥ እያለ ወይ በተወለደ ሰሞን ራሱ። ያ አይነቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው፣ ህፃኑ ሁሌ በአንድ እጁ ብቻ እቃ ሲይዝ፣ ሌላውን ጨብጦ ሲቀር። አመት ያልሞላው ህፃን ገና እጅ አይመርጥም፣ ስለዚ "ግራኝ ነው መሰለኝ" ብላችሁ አትለፉት፣ አሳዩት።

1. ከመውጣታችሁ በፊት፣ አልጋው አጠገብ እያላችሁ

የመውጫ ወረቀቱን፣ የሲቲ ስካን ወይ የኤምአርአይ ፊልሙንና ውጤቱን፣ የደም ውጤቶቹን በሙሉ ተቀበሉ፣ በስልክ ፎቶ አንሷቸው፣ አንድ ፋይል ውስጥ አስገቡ። ይሄ ፋይል በሄዳችሁበት ሁሉ አብሯችሁ ይሄዳል፣ ካርድ ክፍል ካርድ ጠፋ ሲባል የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ከዛ ሀኪሙን ያዙትና ጠይቁት፣ ስትሮኩ የአንጎል ደም ስር ተዘግቶ ነው ወይስ አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ? ምክንያቱስ ምንድነው? ሁለተኛ እንዳይመጣ ምን እየተደረገ ነው? ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ተዘግቶ ለመጣው አስፕሪን ሊታዘዝ ይችላል፣ ፈሶ ለመጣው ግን ያው አስፕሪን አደጋ ነው፣ ስለዚ ጎረቤት "የኔም አባት አስፕሪን ነው የሚወስደው" ስላለ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት የለም። የታዘዘለት ልጅ ደሞ ኩፍኝ፣ ጉድፍ (ቺክን ፖክስ) ወይ ሀይለኛ ጉንፋን ሲይዘው ቶሎ ለሀኪሙ ደውሉ፣ አስፕሪን ከነዚህ ጋር ሲገናኝ አልፎ አልፎ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ነገር ያመጣል።

ምክንያቱን ማወቅ የሚጠቅመው ሁለተኛውን ለመከላከል ነው። እኛ ሀገር የልብ ነገር ብዙ ነው፣ ከጉሮሮ ህመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሪህ ልብ በሽታ አለ፣ አብሮ የሚወለድ የልብ ችግር አለ። ከሱ ሌላ ማጅራት ገትር፣ የአንጎል ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ በሀይለኛ ተቅማጥ ውሀ መድረቅ፣ የደም ማነስ፣ ጭንቅላትና አንገት ላይ መመታት፣ ጉድፍ ከለቀቀው ከወራት በኋላ የሚመጣም አለ። ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታም በልጆች ስትሮክ ያመጣል፣ ቤተሰባችሁ ከጋምቤላ ወይ ከምዕራብ ቆላ ከሆነ "ተመርምሯል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የሪህ ልብ ከሆነ የየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ አይዘለልም፣ በአል ቢሆን፣ ክፍለ ሀገር ብትሄዱ፣ ልጁ "ደህና ነኝ" ብሎ ቢያለቅስ። የቫልቭ ቀዶ ጥገና ከታዘዘ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ማዕከል አለ፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ዛሬውኑ ተመዝገቡና ስልካችሁን አትቀይሩ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ልጅ የደሙ ቅጥነት በቀጠሮው ይለካል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይነት ማስታገሻ ሳይጠየቅ አይሰጠውም፣ ትምህርት ቤቱም ይሄን ይወቅ።

ፊዚዮቴራፒ ሪፈር ሳትይዙ አትውጡ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ነው የሚሰራው፣ በራሳችሁ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ፊዚዮቴራፒውንና መደገፊያ እቃውን ይሸፍን እንደሆነም እዛው መድህን ቢሮ አረጋግጡ።

2. የመጀመሪያው ሳምንት፣ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ነገር

አያት፣ ሰራተኛ፣ ትልልቅ ልጆች፣ ሁሉም ይሰብሰቡና ይነገራቸው፣ ፊቱ ባንድ በኩል ከወደቀ፣ እጅ ወይ እግሩ በድንገት ከዛለ፣ አፉ ከተሳሰረ፣ አይቶት የማያውቅ ራስ ምታት ከነትውከቱ ከመጣ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ካቃተው ወይ አይኑ በድንገት ካላየለት፣ አይታሸም፣ ዳማከሴ አይጨመቅም፣ "መጋኛ ነው" ተብሎ ሰው አይጠራም፣ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ በሁሉም ስልክ ላይ ይመዝገብ። አምቡላንስ ከዘገየ ላዳም ራይድም ያገኛችሁትን ያዙ፣ የተጀመረበትን ሰአት ግን ፃፉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ከስትሮክ በኋላ የሚጥል በሽታ የሚጀምረው ልጅ ጥቂት አይደለም። ሲንቀጠቀጥ በጎኑ አስተኙት፣ አጠገቡ ያለውን ስለትና እሳት አርቁ፣ ስልካችሁ ላይ ሰአት ያዙ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ቁልፍ ማስጨበጥ፣ ጥርሱ መሀል ማንኪያ መክተት፣ ውሀ መድፋት፣ እነዚህ አራቱ በቤታችሁ ክልክል ይሁኑ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ሳይነቃ ደግሞ ካንቀጠቀጠው ወደ ሆስፒታል። ሌላ ሰው ካለ ቪዲዮ ይቅረፅ፣ ለሀኪሙ ከናንተ ወሬ ይልቅ እሱ ይናገራል። የሚጥል በሽታ መድሀኒት በድንገት አይቆምም፣ ከፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ 2 ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ።

3. ምግብ

ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል። አፍና ጉሮሮው የደከመ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድበት ይችላል፣ ሲበላ ካሳለው፣ ከበላ በኋላ ድምፁ ውሀ ውሀ ካለ፣ ወይ ሳል እየተመላለሰ ትኩሳት ካለው ሀኪም ይየው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ትንሽ ወደ ታች አድርጎ፣ ቲቪ ጠፍቶ፣ በትንሽ ማንኪያ ይብላ። ቀጭን ነገር ነው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው፣ ወፈር ያለ አጥሚት ከውሀ ይሻላል። በእጅ ማጋት የሚባለውን ነገር ግን እርሱት፣ ጤነኛውን ህፃንም ያንቃል። ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች ጉርሻም በዚህ ሰሞን ይቅር፣ ቅር ቢላቸውም ቅር ይበላቸው።

4. እጅና እግር

መጀመሪያ አያያዝ። በደከመው እጁ ጎትታችሁ አታንሱት፣ ትከሻው በቀላሉ ይወልቃል፣ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ "ና ግባ" ብሎ እጁን እንዳይስበው ቀድማችሁ ተናገሩ። ልብስ ሲለብስ የደከመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ሲተኛ የደከመው እጅ ስሩ ተጣጥፎ እንዳይቀር፣ ትራስ ላይ ይረፍ። አዝላችሁት የምትዞሩ ከሆነ ልጁም ወገባችሁም እየከበደ ነው የሚሄደው፣ መራመድ የሚችለውን ያህል ይራመድ፣ ቢዘገይም።

የመንግስት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ቀጠሮው ይራራቃል፣ ስለዚ ቀጠሮውን እንደ ህክምና ብቻ አትዩት፣ እናንተ የምትሰለጥኑበት ነው። ባለሙያውን አስፈቅዳችሁ እንቅስቃሴውን በስልክ ቅረፁ፣ "እስቲ እኔ ልስራው እዩኝ" በሉ። ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስና አለርት ክፍሉ አላቸው፣ የእግር መደገፊያና የአጥንት ነገር ሲሆን መናገሻ ያለው ቼሻየርና አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የህፃናት ሆስፒታል ይጠየቃሉ፣ ጎንደር ላላችሁ ደሞ ዩኒቨርሲቲው ከፊዚዮቴራፒው ሌላ ቀበሌ ድረስ የሚወርድ ማህበረሰብ አቀፍ የተሀድሶ ፕሮግራም አለው። መደገፊያ እቃ ሲሰጣችሁ በቀን ስንት ሰአት እንደሚደረግ ጠይቁ፣ ካወለቃችሁት በኋላ ቆዳው ላይ ቀይ ምልክቱ ግማሽ ሰአት አልፎም ካልጠፋ እየጎዳው ነው፣ መልሱት።

ቤት ውስጥ ያለው ልምምድ ጨዋታ ካልሆነ አይቀጥልም። ልጅን "እጅህን 20 ጊዜ አንሳ" ብትሉት ሁለት ቀን ይሰራና ያለቅሳል። ሊጥ አብሯችሁ ያቡካ፣ ምስር ይልቀም፣ ልብስ ሲታጠብ ይጭመቅ፣ ካልሲ ይጠፍ፣ ኳስ በሁለት እጅ ይያዝ፣ የውሀ ሀይላንድ ክዳን ይክፈት፣ አንዱ እጅ ይያዝ አንዱ ያዙር። ዋናው ሁለቱም እጅ የሚያስፈልግበት ነገር መፈለግ ነው፣ አለዚያ ልጅ ብልጥ ነው፣ ደህናውን እጅ ብቻ ተጠቅሞ ነገሩን ይጨርሳል፣ ያኛውም እጅ እየተረሳ ይሄዳል። ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰአት በጓንት ሸፍኖ የደከመውን የማሰራት ህክምናም አለ፣ በትክክል ከተሰራ ይጠቅማል፣ ግን በባለሙያ ፕሮግራም እንጂ በራሳችሁ አትጀምሩት፣ ልጁን አናዶ ሁሉን ነገር ያስጠላዋል።

አሁን የቀኝ እጅ ጉዳይ። እኛ ጋ በግራ መብላት ነውር ነው፣ በግራ እቃ ማቀበል ንቀት ነው፣ አንድ አክስት ሳታውቅ "በቀኝህ!" ብላ እጁን ትመታዋለች። ቀኙ የደከመበት ልጅ በቀን አስር ጊዜ ይሄን ሲሰማ ሰው ያለበት ቦታ መብላት ያቆማል። ዘመዶቻችሁን አንድ በአንድ ንገሯቸው፣ ልጁ በግራው ይበላል፣ በግራው ያቀብላል፣ ቀኙ ደሞ ደግፎ ይይዛል፣ ያው እጅ ነስቶ እንደማቀበል ነው። የእንጀራ መቁረስ በአንድ እጅ ከባድ ስለሆነ ፍትፍት ይደረግለት ወይ ተቆራርሶ ይቅረብ፣ ለብቻው ሳይሆን ማእዱ ላይ። መፃፍም በግራ እንዲለምድ ቶሎ ፍቀዱለት፣ ቀኙ እስኪድን እየተባለ አንድ አመት ሙሉ ደብተር ባዶ መቅረት የለበትም።

እድሜው የሚያድገው ልጅ ቁመት በጨመረ ቁጥር የደከመው እግር ጡንቻ አጥንቱን ስለማይከተል ተረከዙ ከመሬት መነሳት ይጀምራል። ይሄን የእግር ጡንቻ መሳብ በየቀኑ ነው፣ ፀጉር ሲበጠር ወይ ተረት ሲወራ ቢሆን ጥሩ ነው።

5. ንግግር

መናገር የጠፋበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሚናገረው በላይ ይሰማል፣ ስለዚ እሱ ፊት ስለሱ አታልቅሱ። አጭር ጥያቄ ጠይቁና ዝም በሉ፣ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ፣ ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት። "ውሀ ወይስ ወተት?" ማለት "ምን ልስጥህ?" ከማለት ይቀላል። ማውራት የከበደው ልጅ መዝሙር ሊወጣለት ይችላል፣ ሞክሩት። ቤታችሁ ኦሮምኛ ወይ ትግርኛ ሆኖ ትምህርት ቤቱ አማርኛ ከሆነ አንዱን ተዉ የሚላችሁን አትስሙ፣ ሁለት ቋንቋ መስማት አይጎዳውም። የንግግር ቴራፒስት እዚህ ጥቂት ነው፣ ካገኛችሁ ግን አንድ ቀጠሮም ቢሆን ውሰዱና የቤት ስራ ተቀበሉ።

6. ጠበልና የሰው ወሬ

ይሄን መዝለል አልችልም። "ቡዳ ነው"፣ "የናቱ ሀጥያት ነው"፣ "ክትባቱ ነው" የሚል ይመጣል፣ መልስ ለመስጠት አትድከሙ፣ "ደም ስሩ ነው፣ ሀኪም አይቶታል" በሉና ወሬ ቀይሩ። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፣ መድሀኒቱን ግን ይዛችሁ። በኤችአይቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበልና መድሀኒት አብሮ ይሄዳል ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፣ ስለዚ "መድሀኒት ከጠጣህ ጠበሉ አይሰራም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይሄን ንገሩት። ሩቅያ የምታስቀሩም ያው ነው፣ ቁርአኑ ይቀራ፣ ክኒኑም ይዋጥ። ቀዝቃዛ ጠበል ውስጥ መንከር ግን ለልብ ህመምተኛና ለሚጥል በሽታ ልጅ አደጋ አለው፣ ይጠጣ፣ ይረጭ፣ ብቻውን አይተው።

7. ትምህርት ቤት

እንዳትቸኩሉ፣ እንዳትዘገዩም። መጀመሪያ ግማሽ ቀን ወይ በሳምንት ሶስት ቀን ይጀምር ብላችሁ ጠይቁ። ከመጀመሩ በፊት ስም ጠሪ መምህሩንና ዳይሬክተሩን አግኟቸው፣ የሀኪም ወረቀት ኮፒ ስጡና አንድ ገፅ ፃፉላቸው፣ ምን እንደሆነ፣ ምን መድሀኒት እንደሚወስድ፣ ቢንቀጠቀጥ ምን እንደሚደረግ፣ ማን ጋ እንደሚደወል። ከዛ እነዚህን ጠይቁ፣ ክፍሉ ምድር ቤት ይሁን፣ ሽንት ቤት ቀድሞ ይውጣ፣ ደብተር ገልብጦ ካልጨረሰ ከጓደኛው ፎቶ ይነሳለት፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰአት ይሰጠው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚወስድ ከሆነ ምዝገባ ሲጀመር በፅሁፍ ጠይቁ፣ ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ማንም አይሰማችሁም።

የሚታየው እጁ ነው፣ ትምህርቱን የሚያስቸግረው ግን ብዙ ጊዜ የማይታየው ነው። ይደክመዋል፣ ስድስት ሰአት ላይ ጭንቅላቱ ይዘጋል። ሀሳቡ ይበተናል፣ ሁለት ትእዛዝ ባንዴ ከተሰጠው አንዱን ይረሳል። አንዳንዱ አንድ ጎኑን አያይም፣ ሰሀኑ ላይ ግማሹን ምግብ ይተዋል፣ በር ይገጫል፣ ሰሌዳው ላይ ግማሹን ብቻ ይገለብጣል፣ እንዲህ ካያችሁ አይኑ ይመርመር፣ ሰሌዳው በሚያይበት በኩል እንዲሆንለትም ቦታው ይቀየር። መምህሩ 60 ልጅ ይዞ ይሄን በራሱ አይደርስበትም፣ "ሰነፈ" ነው የሚለው። አንዳንዱ ችግር ደሞ 3ኛ እና 4ኛ ክፍል ደርሶ ትምህርቱ ሲከብድ ነው የሚወጣው፣ ስትሮኩ በ2 አመቱ የያዘው ልጅ ላይ እንኳን፣ ስለዚ ያኔ "አሁን ደሞ ምን ነካው" ከማለት ፋይሉን ይዛችሁ ወደ ሀኪሙ ተመለሱ።

"ልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ውሰዱት" የሚል ዳይሬክተር ካጋጠማችሁ በትህትና ተከራከሩ። የሀገሪቱ ፖሊሲ አካቶ ትምህርት ነው፣ አካል ጉዳት ያለበትም ከሌላው ልጅ ጋር አብሮ ይማር የሚል፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ 676 አፅድቃለች፣ የስምምነቱ አንቀፅ 24 ትምህርትን ነው የሚያወራው። ሪሶርስ ሴንተር (ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች እቃና ባለሙያ ያለበት ማዕከል) ያለው ትምህርት ቤት በአካባቢያችሁ የትኛው እንደሆነ ወረዳ ትምህርት ፅህፈት ቤት ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ መንገዳችሁ ሌላ ነው፣ ልጁ ከ3 አመት በታች ከሆነ ኧርሊ ኢንተርቬንሽን የሚባለውን የህፃናት ድጋፍ፣ ከ3 አመት በኋላ ደሞ በፐብሊክ ስኩሉ በኩል አይኢፒ (ለልጁ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት እቅድ) በፅሁፍ ጠይቁ፣ ስብሰባው ላይ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት።

8. እናት፣ አባት፣ ወንድም እህት

አንድ ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፉ፣ መድሀኒት ማን ይሰጣል፣ ጠዋት እግር ማን ይስባል፣ ቀጠሮ ማን ይወስዳል፣ ቅዳሜ ከሰአት እናት ከቤት ስትወጣ ማን ይቆያል። አባት ደመወዝ አመጣለሁ ብሎ ከዚህ ወረቀት ላይ ስሙ አይጠፋም፣ ቢያንስ የማታው ስራ የሱ ይሁን፣ ቀጠሮም በየተራ ይሂድ፣ ሀኪሙ የሚለውን በጆሮው ሲሰማ ቤት ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ሰው "ምን ልርዳ" ሲላችሁ "ኧረ ምንም" አትበሉ፣ "ማክሰኞ ሆስፒታል አድርሰን"፣ "ሁለት ቀን ወጥ ስሪልን" በሉ። እድር ላይም ተናገሩ፣ እድር ለቀብር ብቻ አይደለም፣ ብዙ ቦታ ለህመም የሚያዋጣም አለ።

በግል ድርጅት የምትሰሩ፣ አዋጅ 1156/2011 ከባድና ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥም ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይፈቅዳል፣ በአመት ሁለቴ፣ በፅሁፍ ጠይቁ። አቅም ከሌለ ከወረዳ የነፃ ህክምና ወረቀት ይጠየቃል፣ ያፍራል ሰው፣ ማፈር አያስፈልግም።

ወንድምና እህት ዝም ካሉ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። "እኔ ገፍቼው ነው" ብሎ ለወራት የሚያስብ ልጅ አለ፣ በአፋችሁ "ያንተ ጥፋት አይደለም" በሉት። የታመመውም ልጅ ድንገት ሊናደድ፣ ያለምክንያት ሊስቅ ወይ ሊያለቅስ ይችላል፣ ከአንጎሉ ጉዳት ነው፣ አትቅጡት። ከጓደኛ መራቅና አለመተኛት ለሳምንታት ከቆየ ግን የስነልቦና ባለሙያ ይየው፣ እናትም እንቅልፍ ካጣች እንደዛው።

9. በየአመቱ ክረምት ላይ

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት አንድ ዙር ፍተሻ አድርጉ። የእግር መደገፊያው ጠቦታል ወይ፣ ጫማው፣ አይኑ፣ ጀርባው ጠሟል ወይ፣ ሪፈሩና የመድህን መታወቂያው ታድሷል ወይ። ሴት ልጅ ካደገች በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ለሷ እንደማይመከር ከአሁኑ ፋይሉ ላይ ይፃፍ፣ ያኔ ፋርማሲ ብቻዋን ነው የምትሄደው። መድሀኒቱ ደሞ በኪሎ ስለሚታዘዝ አስመዝኑትና ኪሎውን ለሀኪሙ ንገሩት፣ ባለፈው አመት 14 ኪሎ እያለ የታዘዘለት መጠን ዘንድሮ 18 ሲሆን ላይበቃው ይችላል።